ዶክተር ዋትሰን የቆሰለው የት ላይ ነው?

የልብ ወለዱ መርማሪ የሼርሎክ ሆምስ ጓደኛና የታሪኮቹ ተራኪ ዶክተር ዋትሰን፣ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ሆኖ አፍጋኒስታን ዘምቶ ነበር። በ1880 ማይዋንድ ላይ በተደረገው ውጊያም በጥይት ተመትቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1887 በወጣው በመጀመሪያው መጽሐፍ ጥይቱ ያገኘው ትከሻውን ነው፤ አጥንቱን ሰብሮታል። በ1890 ሁለተኛው መጽሐፍ ሲወጣ ግን ያው ዋትሰን የተመታው እግሩን እንደሆነና የአየሩ ጠባይ በተለወጠ ቁጥር እንደሚጠዘጥዘው ይነግረናል።

ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል ረስቶት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እውነቱም ይኸው ነው። ሆኖም ከመቶ ዓመት በላይ በዚህ መልስ አንረካም ሲሉ የኖሩ አንባቢዎች አሉ። በእነሱ ዘንድ ሆምስና ዋትሰን በእርግጥ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ዶይልም የዋትሰንን ማስታወሻ ለአሳታሚ ያደረሰ ወዳጅ እንጂ ፈጣሪያቸው አይደለም። ስለዚህ ታሪኩ ውስጥ ክፍተት በተገኘ ቁጥር መሙያው የሚፈለገው ከዚያው ከታሪኩ ነው።

አንድምታ የሚያውቅ አንባቢ ዘዴው አይጠፋውም። አንድም፣ ዋትሰን የተመታው በሁለት ጥይት ነው፤ ሁለተኛውን ለመናገር ጊዜ ወሰደበት። አንድም፣ ጥይቱ አንድ ነው፤ ሐኪሙ ቁስለኛ ላይ ጎንበስ ብሎ ሳለ በትከሻው ገብቶ እግሩን አገኘው። አንድም፣ የተመታው ሰው ፊት በማይጠራ ቦታ ነውና ጨዋው ዋትሰን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አሸሸው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ከተጻፈው አንዲት ፊደል ሳይነካ፣ መጽሐፉ ያላሳየንን ዋትሰን ያሳየናል፤ ጥይት እየዘነበበት በሽተኛውን የማይተው ሐኪም።

ይህን ጨዋታ ካስጀመሩት አንዱ፣ ኋላ ካህን የሆነው ሮናልድ ኖክስ ነው። በ1911 ኦክስፎርድ ውስጥ ባነበበው ጽሑፍ፣ የዘመኑ ሊቃውንት መጽሐፍ ቅዱስን በሚመረምሩበት ስልት የሆምስን ታሪኮች መረመረ። ያሰበው ሊቃውንቱን ለመተቸት ነበር፤ አንባቢዎች ግን ስልቱን ወድደው የራሳቸው አደረጉት። ዶይል በ1912 ለኖክስ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሰው ለዚህ ይህን ያህል መድከሙ እንዳስገረመው ገልጿል፤ ታሪኮቹን የጻፋቸው ወደ ኋላ ተመልሶ ሳያመሳክር መሆኑን፣ ኖክስም ከእሱ ይልቅ እንደሚያውቃቸው አምኗል። 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር ታሪኮች በ40 ዓመት ውስጥ፣ አብዛኞቹም ለመጽሔት የተጻፉ ናቸው። ልቡ ታሪካዊ ልብ ወለዶቹ ላይ ለነበረ ደራሲ የአንድ ጥይት ቦታ ቢጠፋበት አይፈረድበትም።

የመልሶች ሁሉ አውራ የምለው ግን የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲዋ የዶረቲ ሴየርስ ነው። በ1891 በታተመ አንድ ታሪክ የዋትሰን ሚስት ባሏን «ጄምስ» ትለዋለች፤ ስሙ ግን ጆን ነው። ሙሉ ስሙ ሲጻፍ በመካከሉ «ኤች» የምትል ፊደል አለች፤ የምን ምሕጻር እንደሆነች ዶይል የትም አልተናገረም። ሴየርስ «ሄሚሽ» ናት አለች። ሄሚሽ የጄምስ ስኮትላንዳዊ አጠራር ነው፤ ሚስቲቱ ባሏን በመካከለኛ ስሙ፣ በእንግሊዝኛው መልክ ጠርታዋለች ማለት ነው። በአንድ ቁልፍ ሁለት በር ተከፈተ። በ2012 ደግሞ ቢቢሲ በሠራው ተከታታይ ፊልም ዋትሰን ራሱ መካከለኛ ስሜ ሄሚሽ ነው ሲል ተሰማ፤ የአንባቢዋ ግምት የገጸ ባሕርዩ ስም ሆኖ ቀረ።

ጥሩ መልስ ከደካማው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። «ሕልም ነበር»፣ «አስማት ነው» የሚል መልስ ለማንኛውም ክፍተት ይሆናል፤ ለዚህም ነው አንዱንም የማይሞላው። የሴየርስ መልስ ግን ከዚች ፊደልና ከዚች ስም ውጭ ለሌላ አይሆንም።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ክፍተትም አለ። ሆምስ ሞቷል ተብሎ በቆየባቸው ከ1891 እስከ 1894 ባሉት ዓመታት፣ የሱዳኑን ገዥ ኸሊፋውን ካርቱም ድረስ ሄዶ እንዳነጋገረ ለዋትሰን ይተርክለታል። አፄ ዮሐንስ በ1889 መተማ ላይ ሲዋጉ የወደቁት ከዚሁ ከኸሊፋ አብዱላሂ ጦር ጋር ነው። የኸሊፋው መናገሻ ግን ከወንዙ ማዶ ያለችው ኦምዱርማን ነበረች። እኔ እንዲህ እሞላዋለሁ፦ እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን በ1885 ካርቱም ውስጥ ከተገደለ ወዲህ የከተማይቱ ስም በእንግሊዞች ሁሉ አፍ ነበር፤ ሆምስም ለለንደን ጆሮ የሚገባውን ስም ጠራ።

ልማዱ ከሆምስ አልፎ ተስፋፍቷል። በ1977 በወጣው «ስታር ዋርስ» አብራሪው ሃን ሶሎ መርከቡ የኬሰልን ጉዞ ከ12 ፓርሴክ ባነሰ እንደፈጸመች ይፎክራል። ፓርሴክ የርቀት እንጂ የጊዜ መለኪያ አይደለም፤ አንዱ 3.26 የብርሃን ዓመት ያህላል። የተገኘው መልስ፣ መንገዱ በብላክ ሆሎች አጠገብ ያልፋል፣ ደፋር አብራሪ ይበልጥ ሲጠጋቸው ርቀቱ ያጥርለታል የሚል ነው። በ2018 የወጣው «ሶሎ» ፊልምም ይህንኑ ተቀብሎ አሳየ። የማርቭል ኮሚክስ አዘጋጅ ስታን ሊ በበኩሉ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ስህተት ለሚያገኙ አንባቢዎች «ኖ ፕራይዝ» የሚባል ሽልማት ይሰጥ ነበር፤ እየቆየ ሽልማቱ ስህተቱን ምክንያት ፈልጎ ለሚያቃና ሆነ። የሚላከው ፖስታ ባዶ ነው፤ አንባቢዎች ግን ይመኙት ነበር።

እስከ ዛሬ የሚያከራክረኝ ክፍተት ሌላ ነው። በ1908 በታተመ ታሪክ ዋትሰን ማስታወሻ ደብተሩን ጠቅሶ፣ በመጋቢት 1892 ከሆምስ ጋር አንድ ጉዳይ እንደመረመሩ ይጽፋል። ያኔ ሆምስ «ሟች» ነበር። ዋትሰን የገዛ ጽሕፈቱን አሳስቶ አንብቦታል የሚሉ አሉ። ዋትሰን የሆምስን በሕይወት መኖር ያውቅ ነበር ብሎ መመለስም ይቻላል። ይህ ይበልጥ ያጓጓል፤ ነገር ግን ሆምስ በ1894 ድንገት ሲገለጥለት ዋትሰን ራሱን ስቶ የወደቀባትን ገጽ ሐሰት ያደርጋታል። ያቺን ገጽ ከማጣ የደብተሩ ቁጥር ይሳሳት።