አስከሬን የማይቀዘቅዝበት ቆላ

ቅዳሜ በሐመር የምትገኘው የዲመካ ከተማ የገበያ ቀን ነው። እንበልና እሑድ ረፋድ ላይ አንድ ሰው ከከተማዋ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ሞቶ ተገኘ። ተመትቶ ነው? እባብ ነድፎት? ወይስ ልቡ ድንገት ቆሞ? ፖሊስ አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልገው መቼ እንደሞተ ነው፤ በዚያ ሰዓት ማን አጠገቡ እንደነበረ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነውና።

ደጋ ቢሆን የአስከሬኑ ሙቀት ፍንጭ ይሰጣል። በሕይወት ያለ ሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ቀዝቀዝ ባለ ስፍራ አስከሬን በሰዓት በግምት 1 ዲግሪ ይቀንሳል። ሐመር ግን ቆላ ነው። አየሩ ራሱ 35 ዲግሪ ሲሆን አስከሬኑ ወዴት ይቀዘቅዛል? የጡንቻ መገተርም እንዲሁ ያሳስታል፤ በመጠነኛ አየር አንድ ቀን ተኩል ያህል የሚቆየው በሙቀት ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል። ከሁሉ የሚሻለው የደሙ ምልክት ነው። ልብ ሲቆም ደም ወደ ታችኛው የሰውነት ክፍል ይወርድና ቆዳውን ያጠቁራል፤ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ይረጋል። ከዚያ ወዲያ አስከሬኑ ቢገለበጥም ጥቁረቱ ቦታውን አይለቅም። ስለዚህ ጥቁረቱ ጀርባው ላይ ሆኖ ሰውየው በደረቱ ተደፍቶ ከተገኘ፣ አንድ ሰው ነካክቶታል ማለት ነው። ይህን አይቶ የሚጽፍ ሰው ካለ ነው እንግዲህ።

ለረጅም ዘመን በአገራችን የአስከሬን ምርመራ ሲባል አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ማለት ነበር። ከዞኑ ከተማ ከጂንካ እንኳ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ሙቀት ያን ያህል መንገድ የሄደ አስከሬን ብዙውን ምስክርነቱን መንገድ ላይ ይጥላል።

እንግሊዞች ሞትን የሚመረምር ኮሮነር የሚባል ሹም አላቸው፤ ሹመቱ ከ1194 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ጥንት የንጉሡን ገቢ አስከባሪ ነበር፤ ዛሬ ሟቹ ማን ነው፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት ሞተ ብሎ በአደባባይ ይመረምራል። ጥፋተኛን በስም ጠርቶ መፍረድ ሕጉ ይከለክለዋል። በግድያ የተከሰሰ ሰው ካለ ምርመራውን አቁሞ የወንጀሉን ችሎት ይጠብቃል።

የእኛው ሐዘን በዚህ ችሎት ፊት ቀርቦ ያውቃል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ የተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 157 ሰዎችን ገድሏል። አሜሪካ ውስጥ የአውሮፕላኑ አምራች ቦይንግ በጥር 2021 እ.ኤ.አ. 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ የወንጀል ክሱን ሂደት አዘገየ። የዌስት ሰሴክስ ኮሮነር ፔኔሎፒ ስኮፊልድ ግን በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ሦስት እንግሊዛውያን ተሳፋሪዎች በሕገወጥ መንገድ ተገድለዋል ብላ ወሰነች። ማንንም አላሰረችም፤ ቤተሰብ የሚፈልገውን ቃል ግን በመዝገብ አሰፈረች።

እኛ ዘንድ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሞትን የሚያየው በወንጀል በር በኩል ነው። ለከባድ ግድያ ቀዳሚ ምርመራ አለ፤ እሱም ተከሳሽ ይፈልጋል። ተከሳሽ የሌለበት ሞት የፖሊስ ቃል ብቻ ይቀረዋል። የሕዳሴ ግድብ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ሲገኙ፣ ፖሊስ ጳጉሜ 2 ቀን ራሳቸውን አጥፍተዋል ሲል ለጋዜጠኞች ገለጸ። ድምዳሜውን አልሞግትም። ይሁንና ማስረጃው በገለልተኛ ዳኛ ፊት፣ ባለሙያው እየተጠየቀ ቢሰማ ኖሮ የሕዝቡ ጥርጣሬ ያን ያህል ባልሰነበተ ብዬ አምናለሁ።

ለዲመካ ኮሮነር ይሾም ማለት ዛሬ ሩቅ ምኞት ነው። መጀመሪያ የደረሰው የጤና ባለሙያ ግን ክስ ኖረም አልኖረም፣ ዘመድ አስከሬኑን ለቀብር ከማንሳቱ በፊት ሰዓቱንና የአየሩን ሙቀት ይመዝግብ፤ አስከሬኑን ገልብጦ ጥቁረቱ የት እንዳረፈ ፎቶ ያንሳ። ይህ የሚጠይቀው ቴርሞሜትርና ስልክ ብቻ ነው።