አሮጌ የሩቅ ማንሻ ሌንስ ስለ መምረጥ

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሲያከብር፣ ካሜራ ይዞ ከአዲስ ቅዳም የሚሄድ ተማሪ ወደ ፈረሶቹ መጠጋት ያምረዋል። ነገር ግን በሚጋልብ ፈረስ ፊት መቆም ለፈረሰኛውም ለአንሺውም አደጋ ነው። ስለዚህ ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ ያስፈልጋል።

አዲሱ ውድ ስለ ሆነ አሮጌውን መግዛት ነውር አይደለም። በ135 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ27 ሜትር ርቀት ያለ ፈረስ፣ በ50 ሚሊ ሜትሩ በ10 ሜትር እንዳለ ያህል ጎልቶ ይታያል። 300 ሚሊ ሜትሩ ይበልጥ ያቀርባል፤ ዳሩ ግን ይከብዳል፤ የእጅንም መንቀጥቀጥ ያጎላል።

ገዢው ሦስት ነገር ይመርምር።

አንደኛ፤ ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንቶ ሻጋታ እንደሌለበት ይመልከት።

ሁለተኛ፤ ብርሃን የሚመጥኑት ስለቶች ዘይት ሳይዛቸው ፈጥነው መከፈት መዘጋታቸውን ይሞክር።

ሦስተኛ፤ ከካሜራው ጋር መስማማቱን ያረጋግጥ። በ42 ሚሊ ሜትር ጥርስ የሚጠመዘዝ ሌንስ ባለመስተዋት በሆነው የኒኮን ካሜራ ላይ መስታወት በሌለው ቀለበት ቢገጠም፣ ሩቁን አጥርቶ አያሳይም፤ ገንዘቡም በከንቱ ይቀራል።

እንዲህ ያለው ሌንስ የሚስተካከለው በእጅ ነው። እንግዲህ ፈረሱ የሚያልፍበትን ስፍራ አስቀድሞ አጥርቶ፣ ፍጥነቱን 1/500 ሴኮንድ አድርጎ መጠበቅ ይገባል። ፈረሱ ራሱ ይመጣል፤ የአንሺው ድርሻ ትዕግሥት ነው።