ነጩ መስመር

ቢግል የተባለችው መርከብ መልሕቅ ለመጣል ስትዘጋጅ ከወደቡ አንዲት ጀልባ እየቀዘፈች መጣች። ጊዜው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 1832፣ ቦታው የቴኔሪፍ ደሴት ነበር። የ22 ዓመቱ ቻርልስ ዳርዊን ያቺን የእሳተ ገሞራ ደሴት ለማየት ሲመኝ ቆይቷል፤ ተጓዡ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሃምቦልት ስለ እሷ የጻፈውን ደጋግሞ አንብቦ፣ ወዳጆቹን አብረን እንሂድ እያለ ወትውቷል። ከእንግሊዝ ከተነሳ ጀምሮ ባሕሩ ሆዱን ሲያውከው ሰንብቶ አሁን ገና መሬት ሊረግጥ ነው። ጀልባዋ ግን ክፉ ወሬ ይዛ ነበር፦ እንግሊዝ ኮሌራ ገብቷልና ለ12 ቀን ማንም አይወርድም። ካፒቴን ፊትዝሮይ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ሸራው ይወጠር አለ። ዳርዊን በማግስቱ ማለዳ ፀሐይ የደሴቲቱን ተራራ የቴይዴን ጫፍ ስታበራ ከሩቅ አየ። እዚያ ምድር ላይ ዕድሜውን ሙሉ አልቆመም።

ከዐሥር ቀን በኋላ በኬፕ ቨርዴ፣ በሳንቲያጎ ደሴት፣ ፕራያ ወደብ ደረሱ። እንደ ቴኔሪፍ ያልተወራለት፣ ደረቅ፣ ፀሐይ ያቃጠለው ምድር ነው። ዳርዊን በብርቱካኑ ተደሰተ፤ ሙዝ ቀመሰና አልወደደውም። በቴኔሪፍ አንድ ቀን ያልታገሠው ካፒቴን እዚህ ግን ለልኬት ሥራው ሲል ከሦስት ሳምንት በላይ ቆመ። ለዳርዊን ከዚህ የበለጠ ዕድል አልነበረም።

መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው በባሕሩ ዳር ኩሬዎች ላይ ነበር። እዚያ ቀለሙን የሚለዋውጥ ኦክቶፐስ አገኘ፤ ሲከታተለው ዋለ፣ ያዘው፣ ማንም ያልደረሰበት ነገር መስሎት ለመምህሩ ለሄንስሎ ጻፈ። መልሱ ከብዙ ወራት በኋላ ሲመጣ ነገሩ አዲስ አልነበረም። ትልቁ ጉዳይ ከኩሬዎቹ በላይ፣ ገደሉ ላይ ነበር።

ከወደቡ ሳይርቅ በጥቁሩ የባሕር ዳር ገደል ላይ በካባ ላይ እንደ ተጣለ ጥለት አንድ ነጭ መስመር ያልፋል። ከባሕሩ ወለል 14 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ሳይዛነፍ፣ ለኪሎ ሜትሮች ይዘልቃል። ዳርዊን መዶሻውን ይዞ ቀረበ። ነጩ ነገር ኖራማ ድንጋይ ነበር፤ ውስጡም ዛጎል ሞልቶታል፤ ያውም እዚያው ከገደሉ ግርጌ ባሕር ውስጥ የሚኖሩት ዓይነት። የባሕር እንስሳት ቤት እዚህ ከፍታ ላይ ምን ይሠራል?

የዘመኑ ብዙ ሊቃውንት እንዲህ ላለው ነገር መልስ ነበራቸው፦ ምድርን ድንገት የገለበጠ ታላቅ መዓት። ዳርዊን ግን መርከቡ ላይ የሥነ ምድር ሊቁን የቻርልስ ላየልን መጽሐፍ ይዞ ነበር፤ ምድር የምትለወጠው ዛሬም በምናያቸው ኃይሎች፣ በዝግታ ነው ይላል። ሄንስሎ አንብበው፣ ሐሳቡን ግን እንዳትቀበል ብሎ አስጠንቅቆታል።

መዶሻው ቀጠለ። ከነጩ በታች ያረጀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከላይ ደግሞ ጥቁር ላቫ ተዘርግቷል። ቁልፉ የተገኘው ኖራውና ላቫው በሚነካኩበት ቦታ ነው፦ ልፍስፍሱ ኖራ ላቫው ሥር ሲደርስ አንዳንድ ቦታ በሙቀት ተጋግሮ ጠንካራ፣ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ሆኗል። ስለዚህ ላቫው ዛጎሎቹ ገና ባሕር ወለል ላይ ሳሉ ፈስሶባቸዋል፤ ሁሉም አንድ ላይ ወደ ላይ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። መዓት ቢያነሳው ኖሮ መስመሩ በተሰባበረ ነበር። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ይታያል።

ዳርዊን ሲያረጅ ያን ቀን አልረሳውም። በሚያቃጥል ፀሐይ ከላቫው ገደል ሥር ተቀምጦ፣ ከእግሩ ሥር በኩሬው ውስጥ ሕያው ኮራል እያየ፣ ስለ ጎበኛቸው አገሮች ሥነ ምድር መጽሐፍ ልጽፍ እችል ይሆናል የሚል ሐሳብ መጀመሪያ የመጣለት እዚያ ነበር። ደስታው አንቀጠቀጠው።

ስለ እሳተ ገሞራ ደሴቶች የጻፈው መጽሐፍ በ1844 ወጣ። ነጩም መስመር እዚያ ውስጥ አለ፤ ያልጠበቀውን ነገርም ይዟል። መስመሩ ወደ አንድ አሮጌ የእሳተ ገሞራ አፍ ሲጠጋ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። ከባሕር የወጣችው ምድር በእሳቱ አፍ ዙሪያ መልሳ ሰምጣ ነበር።