የፊቱን ረድፍ ለሌላ ሰው ተዉለት

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ዳንስ የሚበዛበት ሙዚቃዊ ቴአትር ልታዩ ብሮድዌይ ከመጣችሁ ገንዘባችሁን ለመጀመሪያው ረድፍ አታውጡ። ትኬት የሚሸጥላችሁ ሰው ይህን አይነግራችሁም። እኔ ግን ተመልካቹን ወደየወንበሩ ማድረስ እንጀራዬ ስለሆነ፣ መብራት ከጠፋ በኋላም በሩ አጠገብ ቆሜ መድረኩንና ሕዝቡን እኩል ስለማይ፣ የት የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚያመልጠው አውቃለሁ።

የእኛ ሰው ፊት መቀመጥ ይወዳል። አገር ቤት የፊት ወንበር የክብር እንግዳ ስለሆነ፣ ከዋሽንግተን አካባቢ እናታቸውን ይዘው የሚመጡ ልጆች ከዚያ የራቀ ቦታ መግዛት ነውር ይመስላቸዋል። ሌላም ምክንያት አለ። በእስክስታ ያደገ ዐይን ትከሻና አንገት ነው የሚፈልገው፤ የትከሻ ጨዋታ ደግሞ ከቅርብ ካልታየ ጣዕሙ ይጎድላል። ለእስክስታ ከሆነ እኔም ብሔራዊ ቴአትር ገብቼ ወደ ፊት እጠጋለሁ። ብሮድዌይ ላይ ግን አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ፊት አስቀምጬ፣ አንገታቸውን ሲያሰግጉ ቆይተው በዕረፍቱ ሰዓት እጄን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ እግራቸውን የት ደበቁት?» አሉኝ። «እማማ፣ መድረኩ ከፍ ብሎብዎት ነው» አልኳቸው። ኃላፊዬን አስፈቅጄ ከበስተኋላ ወደነበረ ባዶ ወንበር አዛወርኳቸው።

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። መድረክ ከፍ ብሎ ይሠራል፤ ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ሽቅብ ስለሚያይ ወለሉ ይጠፋበታል። የፊተኞቹን ተወዛዋዦች እግር ቢያይ እንኳ ከኋላቸው ያሉት ሁለትና ሦስት ረድፎች በፊተኞቹ ይሸፈናሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዊንተር ጋርደን ቴአትር የተከፈተውን «ፎርቲ ሰከንድ ስትሪት» አስቡ። መጋረጃው ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆምና መጀመሪያ የሚታየው እግር ብቻ ነው፤ ሶሉ ላይ ብረት በተገጠመ ጫማ ወለሉን የሚመታ ብዙ እግር። ያን ያሰበው የዳንስ አቀናባሪው ጋወር ቻምፒዮን ሥራው ለሕዝብ በተከፈተበት ዕለት ነው ያረፈው። እንዲህ ያለውን ነገር ወለሉን ሳያዩ አየሁት ማለት አይቻልም።

አሁን ከመድረክ ጀርባ ያለውን ላሳያችሁ። ትርኢት በሌለበት ሰዓት ወደ መድረኩ ጠርዝ ብትጠጉ ወለሉ ላይ ቁጥሮች ተጽፈው ታያላችሁ። መሃሉ ዜሮ ነው፤ ከዚያ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እየጨመረ ይሄዳል። ተወዛዋዡ እየዘለለና እየዞረ በዐይኑ ጫፍ ቁጥሩን ያያል፤ መቆም ያለበት በተሰጠው ቁጥር ላይ ነውና ትንሽ ከተዛነፈ ሰልፉ በሙሉ ይንጋደዳል። ይህን የሚቆጣጠር ሰውም አለ፤ ዳንስ ካፒቴን ይባላል። ትርኢቱ ወራት ከሄደ በኋላም አልፎ አልፎ ከተመልካቹ መሃል ገብቶ የተበላሸውን ይመዘግባል። የት ሆኖ እንደሚያይ ገምቱ። እኔ የማገኘው ወይ አዳራሹ መጨረሻ ቆሞ ወይ ፎቅ ላይ ነው፤ ከፊት ረድፍ ሰልፍ አይታይም። ትርኢቱ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊትም በልምምዱ ጊዜ አዘጋጁ፣ የዳንስ አቀናባሪውና የመብራት ባለሙያው ወንበሮች ላይ በተረበረበ ጠረጴዛ ዙሪያ አዳራሹ መሃል ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ሰልፍና እያንዳንዱ ብርሃን የሚስተካከለው ከዚያ እየታየ ነው።

ሰፌድን በጎን ብትይዙት የሚታያችሁ ጠርዙ ነው፤ ጥለቱን ለማየት ከላይ መመልከት አለባችሁ። የብዙ ሰው ዳንስም እንደዚያ ነው። በ1930ዎቹ የሆሊውድ ፊልሞች የዳንስ አቀናባሪው ቡዝቢ በርክሊ ካሜራውን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ተወዛዋዦቹን ከላይ ያነሣቸው የነበረው ለዚሁ ነው።

ወደ ብሮድዌይ ስንመለስ፣ «ኤ ኮረስ ላይን» የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር ከ1975 እስከ 1990 ሹበርት ቴአትር ውስጥ 6,137 ጊዜ ታይቷል። ያ ሁሉ ታሪክ የሚያርፈው ወለል ላይ በተሰመረች አንዲት ነጭ መስመር ላይ ነው፤ ሥራ ፈላጊዎቹ ተወዛዋዦች እሷ ላይ ተደርድረው ይቆማሉ፣ ከጀርባቸው መስታወት አለ። ብርሃኑን የነደፈችው ታሮን መስር ወለሉን በቀለም አራት ማዕዘኖች እየከፋፈለች ነበር የምታበራው፤ ብሮድዌይ ላይ መብራት ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒዩተር የታዘዘውም በዚያ ሥራ ነው። ይህን የብርሃን ሥዕል ሙሉ አድርጎ ያየው ፎቅ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ በ«ሐሚልተን» አንዱ በሌላው ውስጥ ሆነው በተለያየ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ክብ ወለሎች አሉ። አንድ ትዕይንት ወደ ኋላ ሲጠነጠን ተወዛዋዦቹ የሄዱበትን መንገድ ይዘው ሲመለሱ ከላይ ሆኖ ማየት ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ያየሁት ቢሆንም አሁንም ትንፋሼን ያስይዘኛል።

ስለዚህ ምርጫዬ ይህ ነው፦ ሜዛኒን የሚባለው የመጀመሪያው ፎቅ፣ መሃሉ፣ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ረድፍ። የፎቁ የመጀመሪያ ረድፍም ጥሩ ነው፤ ግን ቁመቱ አጠር ላለ ሰው የመከላከያው ብረት ልክ ዐይኑ ላይ ይመጣበታል፣ እግር መዘርጊያውም በብዙ ቤቶች ጠባብ ነው። ይህን ስል አንድ ነገር እንዳትረሱ። ከአሮጌዎቹ ቴአትር ቤቶች አብዛኞቹ ወደ ፎቅ የሚወስድ ሊፍት የላቸውም። እናታችሁን ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ኦርኬስትራ ከሚባለው የታችኛው ክፍል ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ረድፍ መሃሉን ፈልጉላቸው። ከዚያ አልፋችሁ ወደ ኋላ ስትሄዱ ግን ተጠንቀቁ፤ ፎቁ ከላያችሁ ይመጣና የመድረኩን አናት ይቆርጥባችኋል።

ጫፍ ላይ ያሉ የጎን ወንበሮችን ለዳንስ በፍጹም አትግዙ። የዳንስ መብራት ከፊት ብቻ አይመጣም፤ ገላው ቅርጽ እንዲያወጣ ከመድረኩ ጎንና ጎን፣ ከቁርጭምጭሚት ከፍታ ጀምሮ ይተከላል። ጥግ ላይ ከሆናችሁ ያ መብራት ዐይናችሁ ውስጥ ይገባል፣ ከሰልፉም ግማሹ ይቀርባችኋል።

ትኬት ስታነቡ ደግሞ ቁጥሩ እንዳያሳስታችሁ። በብዙ የብሮድዌይ ቤቶች ጎዶሎ ቁጥሮች በግራ፣ ሙሉ ቁጥሮች በቀኝ ናቸው፤ መሃሉ ከ101 ይጀምራል። ስለዚህ 5 እና 7 ጎን ለጎን ናቸው፤ 1 እና 2 ግን መሃሉ በሙሉ ይለያቸዋል። ተለያየን ብለው የተጣሉ ባልና ሚስት አስታርቄ አውቃለሁ። «ኤ» የተባለው ረድፍም ሁልጊዜ የመጀመሪያው አይደለም፤ አንዳንድ ቤት ከፊቱ «ደብል ኤ» እና «ደብል ቢ» አሉ።

የፊቱ ረድፍ የሚያዋጣበት አንድ አጋጣሚ አለ፤ እሱም በዕጣ ሲገኝ ነው። «ሬንት» በ1996 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ረድፎች በ20 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ «ሐሚልተን» ደግሞ በ10 ዶላር ዕጣ አወጣ። ዕጣው ከደረሳችሁ በደስታ ግቡ። የተወዛዋዡን ትንፋሽ ትሰማላችሁ፣ ላቡንና ፊቱንም ታያላችሁ፤ ሰልፉን ደግሞ ሌላ ቀን ከፎቅ ትመለከቱታላችሁ።

የመጨረሻዋ ሹክሹክታዬ ይህች ናት። «አልቋል» ሲሏችሁ ተስፋ አትቁረጡ። አዳራሹ መሃል ካሉት ምርጥ ወንበሮች የተወሰኑት ለአዘጋጆቹና ለተዋንያኑ እንግዶች ተይዘው ይቆያሉ፤ የሚፈልጋቸው እንግዳ ካልተገኘ ከትርኢቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ለሽያጭ ይለቀቃሉ። ስልካችሁን ትታችሁ በእግራችሁ ትኬት መስኮቱ ድረስ ሂዱና «የተለቀቀ ወንበር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።