የውሻ ንክሻን ማሳወቅ፦ ክስ ወይስ የጤና መረጃ?



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሲሰሙት ለአደባባይ ንግግር የሚበቃ አይመስልም። ውሻ ሰው ነከሰ፤ ለማን ይነገራል? በየሰፈራችን የተለመደው መልስ የታወቀ ነው። ለባለቤቱ ይነገራል፤ ባለቤቱ የመርፌውን ይከፍላል፤ ጎረቤት ይሸመግላል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። ውሻው ባለቤት ከሌለው ደግሞ ጎረምሶች ዱላና ድንጋይ ይዘው ወጥተው ይገድሉታል። በሁለቱም መንገድ የወረዳው የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ የሚሰማው ነገር የለም፤ ብዙ ጊዜ ጤና ጣቢያውም አይሰማም። የእኔ ክርክር እንዲህ ነው፦ ንክሻን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ማሳወቅ በመጀመሪያ ደረጃ በጎረቤት ላይ የሚቀርብ ክስ አይደለም፤ የተነከሰውንና ገና ያልታወቁ ሌሎች ተነካሾችን ሕይወት ለማትረፍ የሚሰጥ የጤና መረጃ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1903 በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች በውሾች ላይ ወረርሽኝ እንደ ተነሣ ተመዝግቧል። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎችን ደጋግሞ የፈጀውም ከውሾች የተሻገረው ይኸው በሽታ ነው። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱበት ይገመታል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው መነሻው ውሻ ነው። ቫይረሱ በምራቅ አማካይነት ወደ ቁስሉ ይገባና በነርቭ መስመር ወደ አንጎል ይጓዛል። ከንክሻው እስከ ሕመሙ ምልክት ድረስ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል፤ አንድ ሳምንት ብቻ የሚወስድበት፣ ዓመት የሚደርስበትም ጊዜ አለ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠቡም፣ ክትባቱም፣ ለከባድ ንክሻ የሚሰጠው ኢሚውኖግሎቡሊንም ዋጋ የሚኖራቸው ምልክቱ ሳይታይ፣ ገና ቫይረሱ በመንገድ ላይ ሳለ ነው።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ሐኪሙ የሚፈልገው ትልቁ መረጃ ከታካሚው ዘንድ የለም፤ ያለው ከውሻው ዘንድ ነው። ቫይረሱ በውሻው ምራቅ ውስጥ መታየት የሚጀምረው የሕመሙ ምልክት ከመውጣቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው፤ ከዚያ በኋላ ውሻው ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። እንግዲህ ከነከሰ በኋላ 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ የቆየ ውሻ፣ በነከሰበት ዕለት በሽታውን የሚያስተላልፍ አልነበረም ማለት ነው። ለዚህ ምርመራ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ጠንካራ ገመድ፣ አጥር፣ ምግብና ውኃ፣ በየቀኑ የሚያይ የሠለጠነ ዐይንም ይበቃል። አደራ፣ ክትባቱ አሥረኛውን ቀን ይጠብቅ ማለቴ አይደለም። ክትባቱ ወዲያው ይጀመራል፤ ውሻው በጤና ከቆየ ይቋረጣል።

ጎረምሶቹ ውሻውን ሲገድሉት ይህን መረጃ ያጠፉታል። ጭንቅላቱን በድንጋይ ሲቀጠቅጡት ደግሞ ቀሪውንም ያጠፉታል፤ የሞተ ውሻ በሽታው የሚረጋገጠው ከአንጎሉ በሚወሰድ ናሙና ነውና። ናሙናውም ሳይበላሽ፣ በቅዝቃዜ ተይዞ ለምርመራ መድረስ አለበት። ይህ ምርመራ ለረጅም ዘመን በአብዛኛው በአዲስ አበባ ብቻ ይሰጥ እንደ ነበር ስናስታውስ፣ ከሩቅ ወረዳ የውሻ ጭንቅላት ይዞ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። በሕይወት ያለ፣ ታስሮ የሚጠበቅ ውሻ ከሞተው እጅግ የተሻለ ምስክር ነው።

ለማን እንናገር? በአገራችን የበሽታዎች ቅኝት ሥርዓት ይህ በሽታ ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረግባቸው አንዱ ነው። ችግሩ ግን የተነከሰው ሰው በጤና ጣቢያው መዝገብ ሲሰፍር፣ የነከሰው ውሻ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ጉዳይ መሆኑ ነው። ሁለቱ መዝገቦች ካልተገናኙ ነርሷ ስለ ውሻው የምታውቀው ቤተሰቡ የነገራትን ብቻ ይሆናል፤ የእንስሳት ሐኪሙም ውሻ መንከሱን የሚሰማው ምናልባት በቡና ላይ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም መንገር ያስፈልጋል። በገጠር ይህን ለማድረስ ቅርቧ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ገና ያልነከሰ፣ ነገር ግን ጠባዩ ድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩን የሚያዝረበርብና ያገኘውን ሁሉ የሚለክፍ ውሻ ሲታይም ለቀበሌው ወይም ለፖሊስ መንገር ይገባል፤ መጀመሪያ እስኪነክስ መጠበቅ ምን ይሉታል?

ሰው ለምን ዝም ይላል የሚለው ጥያቄ ከሕጉ ጋር ይያያዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት ከቁጥጥር አምልጦ ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም። ድንጋጌው ተገቢ ነው። ነገር ግን ካሳ የሚፈራ ባለቤት ውሻውን ወደ ዘመድ ቤት ይልከዋል፣ ወይም «የእኔ አይደለም» ይላል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ በየደጁ ፍርፋሪ የሚጣልለት ውሻ ግን በየደጁ ይጮኻል፣ የነከሰ ዕለት ደግሞ ባለቤት አይገኝለትም። በእኔ አስተያየት የጤና ሪፖርቱና የካሳው ጥያቄ በአሠራር መለየት አለባቸው። ሽማግሌዎቹ የካሳውን ይጨርሱ፤ ዕርቁ ግን ውሻውን ለ10 ቀን ከእይታ እንዳይሰውረው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የልጆች ዝምታ ነው። በሽታው አለበት ተብሎ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ናቸው። ድንጋይ ወርውሮ የተነከሰ ልጅ ቁጣ ፈርቶ ጭረቱን በሱሪው ይሸፍናል። ለመስክ ልምምድ የምትወጡ ተማሪዎች ቅጹን ስትሞሉ «ውሻውን ምን አድርገኸው ነው?» ከማለታችሁ በፊት «አሁን ውሻው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ሌሎች የተነከሱ ልጆችንም ያወጣል።

የንክሻ ሪፖርቶች በቀበሌ ተለይተው ሲቀመጡ የውሻ ክትባት ዘመቻው በየት መጀመር እንዳለበት ያሳያሉ። ስርጭቱን ለመግታት ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ መከተብ እንዳለባቸው ይታወቃል። በጅምላ መግደል ግን የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም፤ በተገደሉት ቦታም ብዙ ሳይቆይ ያልተከተቡ ቡችሎች ይተካሉ።