መቶ ከመቶ ያገኘ፣ ግን የማይነበብ ገጽ

እ.ኤ.አ. በ2019 ማኑኤል ማቱዞቪች የተባለ ኦስትሪያዊ የድረ ገጽ ባለሙያ ሆን ብሎ ለማንም የማይሆን ገጽ ሠራ፤ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነበው ስክሪን ሪደር የማይሰማ፣ በኪቦርድ የማይሠራ፣ ዓይናማውም አፍጥጦ ምንም የማያይበት። ከዚያ ላይትሀውስ በተባለው የጉግል መመርመሪያ አስፈተሸው። በተደራሽነት 100 ከ100 አገኘ። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የተጻፉለትን ሕጎች አንድ በአንድ አየ፣ ተሟልተው አገኛቸው፣ በቃ። ድረ ገጽ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መሆኑን የሚፈትሽ ሶፍትዌር የሚመርጥ ሰው ከዚህ ቢነሣ ደግ ነው። ብዙ ስህተት የሚቆጥረውን ወይም ጥሩ ነጥብ የሚሰጠውን ሳይሆን፣ መፍረድ ያልቻለውን ለይቶ «ይህን ሰው ይየው» የሚለውን ይምረጥ።

ችግሩ እኛ ዘንድ ሲደርስ ይብሳል። ጂንካ ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት በደቡብ ኦሞ ስላለው የአልዱባ የማክሰኞ ገበያ ገጽ አዘጋጀ እንበል። ለዓይነ ስውር በድምፅ የሚነበበው የፎቶው መግለጫ «ምስል 1» ይላል። መመርመሪያው የሚጠይቀው መግለጫ መኖር አለመኖሩን ስለሆነ ያሳልፈዋል፤ ፎቶው ላይ ያለው ማር ይሁን ፍየል ማሽኑ ምን ገዶት። ኮዱ ራስጌ ላይ ደግሞ የገጹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ገጹ ከተዘጋጀ ቅጽ ላይ ሲሠራ ያንን መስመር የነካው የለም። መመርመሪያው ትክክለኛ የቋንቋ ኮድ መሆኑን አይቶ ያጸድቃል። ስክሪን ሪደሩ ግን በእንግሊዝኛ ድምፅ ይነሣና የአማርኛውን ፊደል ወይ ይዘለዋል፣ ወይ ትርጉም የሌለው ነገር ያነበንብበታል። ከሁሉ የከፋው ከገጹ ሥር የተሰቀለው የፒዲኤፍ ዋጋ ዝርዝር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ የላቲን ፊደላትን ቦታ ተበድረው አማርኛ በሚያሳዩ የድሮ ፎንቶች የሚጻፍ ሰነድ ዛሬም አልጠፋም። ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ገልብጠው ሌላ ቦታ ሲለጥፉት ግን የላቲን ፊደልና የነጥብ ዝብርቅርቅ ይወጣል፤ ስክሪን ሪደሩ የሚያነበውም እሱኑ ነው። የተለመዱት የገጽ መመርመሪያዎች ደግሞ ፒዲኤፉን ከፍተው እንኳ አያዩትም።

የብሪታንያ መንግሥት የዲጂታል አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2017 ከ140 በላይ መሰናክሎች ሆን ተብለው በተቀመጡበት ገጽ ላይ መመርመሪያዎችን አወዳድሮ ነበር። ብቻውን ግማሹን ያገኘ አልተገኘም፤ ከሩብ በላይ የሚሆኑትንም አንዱም አላያቸውም። አክስ-ኮር የተባለውን መመርመሪያ የሚሠራው ዲኪው ኩባንያ በበኩሉ መሣሪያው በአማካይ 57 በመቶ ያገኛል ይላል። ሁለቱ አይጣሉም። ኩባንያው የቆጠረው በእውነተኛ ገጾች ላይ የተደጋገመውን ስህተት ሁሉ ነው፤ የደበዘዘ ጽሑፍ ሃምሳ ቦታ ቢገኝ ሃምሳ ይባላል። ብሪታንያዎቹ ግን በየዓይነቱ የተለያየ መሰናክል ነበር የደረደሩት። ሻጭ መቶኛ ሲጠራ ምን ተቆጥሮ እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ታዲያ መሣሪያው ምን ይረባል የሚል ይኖራል። ይረባል እንጂ። በነጭ ላይ የሰፈረ በቀለም ኮዱ 777777 የተባለው ግራጫ 4.48 ለ1 የቀለም ንጽጽር አለው፤ 767676 ደግሞ 4.54። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ የሚጠይቀው 4.5 ነውና የመጀመሪያው ይወድቃል፣ ሁለተኛው ያልፋል። ይህን የሚለይ ዓይን የለም፤ ማሽን ግን በቅጽበት ይለየዋል። ጽሑፉ ፎቶ ላይ ካረፈ ደግሞ አክስ-ኮር አይፈርድም፤ ለሰው ብሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ዌቭ የተባለው መመርመሪያም ስህተትን ከማስጠንቀቂያ ለይቶ ያሳያል። እኔ የምፈልገው ይህን ጠባይ ነው፤ በሐሰት የሚጮህ መሣሪያ በሳምንቱ ሰሚ ያጣል።

«ለመሆኑ በደቡብ ኦሞ ኢንተርኔት የሚጠቀም ስንት ዓይነ ስውር አለ?» የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም። አንደኛ፣ የቀለሙ ጉዳይ አልዱባ ላይ በቀትር ፀሐይ ስልኩን በእጁ ጋርዶ የሚያነበውንም ዓይናማ ይመለከታል። ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 9 መረጃንና ግንኙነትን ተደራሽ ማድረግን ሲያዝ በቁጥር አልገደበውም። ገንዘብም ሰበብ አይሆንም፤ አክስ-ኮር፣ የዌቭ የአሳሽ ቅጥያና ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር በነፃ ይገኛሉ። ገንዘቡ የሚያስፈልገው በኤንቪዲኤና ቶክባክ በተባለው የስልክ ስክሪን ሪደር ሥራውን የሚሠራ ዓይነ ስውር ተቀምጦ ገጹን እንዲፈትሽ ለመክፈል ነው፤ ይህን ከበጀት የሚሰርዝ ቢሮ የገዛው መሣሪያ የትኛውም ቢሆን ለውጥ አያመጣለትም። ፈታሹ እስኪመጣ የቋንቋውን ምልክት ማረም የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ፒዲኤፉ ግን በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ አለበት።