ባቡር የማይመጣበት ጣቢያ

አንባቢ ሆይ፤ በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው የታክሲ ረዳቶች «ለገሃር! ለገሃር!» እያሉ ሲጣሩ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ከፈረንሳይኛ የተወረሰ መሆኑን፣ ትርጓሜውም «ባቡር ጣቢያው» ማለት እንደ ሆነ ልብ የሚለው ስንቱ ነው? ስሙ በሕዝብ አፍ ሲኖር ጣቢያው ግን ባቡር ካጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እኛም ባለፈው እሑድ የቸርችልን ጎዳና ቁልቁል ወርደን ከደጃፉ ቆምን፤ የሚሳፈርም የሚቀበልም አላየንም።

የዚህ ሐዲድ ነገር የተጀመረው ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የሥራውን ፈቃድ በሰጡ ጊዜ ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተነሣ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ይወጣል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራው አስቸጋሪ ስለ ሆነ ከቆላው ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡር የደረሰበት ያ ቆላ ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ከተማ ነው። ከዚያ ወዲያ የኩባንያው ገንዘብ አለቀ፤ የውጭ መንግሥታትም በሐዲዱ ጉዳይ ይሻኮቱ ጀመር፤ ሥራውም ለዓመታት ቆመ። አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዓፄ ምኒልክ ግን በ1906 ዓ.ም. አርፈው ስለ ነበር፣ ያን ያህል የደከሙለት ባቡር ከመዲናቸው ሲደርስ ለማየት አልታደሉም።

አሁን የምናየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። በማግስቱ ዓመት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በተጫነበት ወራት፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከፊቱ ቆመ። ጣቢያው ግን የደስታ ብቻ አልነበረም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ሐዲድ ነው። ጠላትም አንበሳውን ነቅሎ ወደ ሮማ ወሰደው፤ ከነፃነት በኋላ ብዙ ቆይቶ ወደ ስፍራው ተመለሰ።

ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሐዲዱም ስፋት አንድ ሜትር ብቻ። በዚህ ጠባብ መንገድ ቡናና ቆዳ ወረደ፤ ሸቀጥም ወጣ። ከሐዲዱ ዳርም ገበያ ደራ፣ ከተማ ቆመ። በኋላ ግን የጭነት መኪና በዛ፤ ሐዲዱም አረጀ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ቀረ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ጉዞውን ከከተማው ዳር ከለቡ ስለሚጀምር አሮጌውን ጣቢያ አይጎበኘውም። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ቀላል ባቡርም በአጠገቡ ያልፋል እንጂ አይገባበትም።

እኛ በአሮጌው ባቡር ሳንሳፈር ያደግን ወጣቶች ነን። ስለዚህ ናፍቆቱ የእኛ አይደለም፤ ዕዳው ግን የእኛ ነው። በ2011 ዓ.ም. በለገሃር ዙሪያ በ36 ሄክታር መሬት ላይ አዲስ መንደር ለመሥራት የታሰበው ዕቅድ ይፋ ሆኗል። ከተማ ማደጉን የሚጠላ የለም፤ እኛም አንጠላም። ነገር ግን ሕንፃው ቢተርፍ እንኳ ውስጡ ባዶ ከሆነ ምን ይነግረናል? ነጂው፣ ትኬት ቆራጩ፣ ሐዲድ ጠጋኙ በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ይጻፍ፤ መዝገቡና መሣሪያው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ለሕዝብ ይታይ። ድንጋይን ማቆየት ገንዘብ ይጠይቃል፤ የሽማግሌን ቃል መጻፍ ግን ወረቀትና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው። ይህ ካልሆነ ነገ ልጆቻችን «ለገሃር ወራጅ አለ» ሲሉ ምን እንደሚሉ አያውቁም።